ተኩሶ የማያውቅ ክላሽ

ሐሙስ፣ አዲስ አበባ

ለዚህ ጉዞ ያነሣሣኝ የእህቴ ስልክ ነው። የሺ ትባላለች። ከቢቸና የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ ቀበሌ ከባሏ ከአንሙት ጋር በእርሻ ትኖራለች። ያን ሰሞን መስመሩ ይመጣል ይጠፋል፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች።

«ወንድምዓለም፣ አንሙት ያረጋልን በሽማግሌ ሊያስጠይቅ ሞጣ ሊሄድ ነው። ብቻውን እንዲሄድ አልፈልግም። አንተ ካለህ ይታገሣል።»

«ምን አደረገው?»

«በጠመንጃው ነው። ና፣ ታየዋለህ» አለችና መስመሩ ተቋረጠ።

ስለ ጠመንጃው የማውቀው ጥቂት ነበር። አንሙት አምና አባቱ የተወለትን አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ፣ በላዩ ላይ ከጥንድ በሬዎቹ አንዱን ጨምሮ፣ በአዲስ ክላሽ ለውጧል። ሻጩ ያረጋል የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ሁለቱም ሞጣ አጠገብ ባለ ጉባኤ አብረው ቅኔ ተምረዋል። አሁን አንሙት ምንሽሩን መልስልኝ ይላል። ጋዜጠኛ ብሆንም የሄድኩት እንደ ዘመድ እንጂ ለዘገባ አልነበረም። ስሞቹን ሁሉ ቀይሬያለሁ፤ ምክንያቱ ኋላ ላይ ይገለጣል።

ዓርብ፣ ከአዲስ አበባ ቢቸና

አውቶቡሱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሣ። ጎሐ ጽዮን ላይ ተፈትሸን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ጀመርን። ሙቀቱ ከመስኮቱ ገባ፤ ሹራብ የለበሰው ሁሉ አወለቀ። ሽቅብ ስንወጣ አስፋልቱ በየቦታው ተሰነጣጥቆና ተንሸራትቶ ስለነበር ሾፌሩ በሁለተኛ ማርሽ እያስጨነቀ ደጀን አደረሰን።

ደጀን ላይ የጾም ሽሮ በልቼ 130 ብር ከፈልኩ። ባለ ምግብ ቤቷ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ።

«ቢቸና።»

«ዛሬ ክፍት ነው» አለች መልስ እየቆጠረች። «ነገን አላውቅልህም።»

የሚኒባሱ ዋጋ 250 ብር ነበር። ከደጀን ቢቸና ያለው ሜዳ የጤፍ አገር ነው፤ ሰኔ ስለሆነ መሬቱ በእርሻ ጠቁሯል። እንደ ወትሮው ብዙ ጥማድ ግን አላየሁም።

አንሙት መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነው። ቦርሳዬን ተቀብሎኝ በእግር ተጓዝን። ከቤቱ በታች ባለው ማሳ አንድ ጎልማሳ ሰው በቀይና በጥቁር በሬ ያርሳል።

«ቀዩ የኔ ነው» አለኝ አንሙት። «ጥቁሩ የጎረቤቴ ነው፤ ተቀናጅተናል። ሁለት ቀን ለእሱ፣ ሁለት ቀን ለኔ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስማ፣ ጋሼ።»

ቤት ገብተን እንደተቀመጥን ክላሹን ከጋቢ ውስጥ አውጥቶ ጭኔ ላይ አኖረው። የሰደፉ እንጨት ያበራል። ብረቱ ላይ ጭረት የለበትም፤ መጋጠሚያው ውስጥ የፋብሪካው ግራሶ ገና አለ።

«ያምራል» አልኩ።

«ያምራል! እኔም ማማሩን አይቼ ነው። የአባቴ ምንሽር ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሮ ነበር። ሰው ሁሉ ክላሽ ሲይዝ እኔ ያንን ተሸክሜ ለቅሶ ቤት ስገባ ያፍር ነበር ዓይኔ። ያረጋል ከነግራሶው አመጣልኝ። መስቀል ስሞ፣ ‹በእኔ እጅ ተኩሶ አያውቅም› ብሎ ማለልኝ።»

«እና?»

«አይተኩስም።»

«ስትገዛው አልሞከርከውም?»

አንሙት አቀረቀረ። «ከተኮስሁበትማ ያገለገለ ይሆናል አልሁ። አዲስነቱን ላለማጥፋት ብዬ ተውሁት።»

«ታዲያ አለመተኮሱን መቼ አወቅህ?»

«አንድ ቀን ሞከርሁት» አለ። የሺ እንጀራውን አቅርባ ሳትቀመጥ ወጣች። ሰው መልስ ሲያሳጥር አውቃለሁ። ያን ማታ ግን አልገፋሁበትም።

ቅዳሜ፣ ከቢቸና ሞጣ

ክላሹን ቤት ትተነው ወጣን፤ በየኬላው ፍተሻ ስላለ ይዞ መጓዝ አይታሰብም። ሚኒባሱ ከመነሣቱ በፊት ረዳቱ ወደ ውስጥ ጮኸ።

«ብረት የያዘ ካለ አሁን ይናገር! ኋላ ሁላችንንም እንዳታስወርዱን!»

አንዲት ሴት በጨርቅ የጠቀለለችውን ዕቃ ከፍ አደረገች። «የኔ ብረት ድስት ነው፤ ይቆጠራል?»

ሰው ሳቀ። አጠገቧ የተቀመጡት የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሐጂ፣ «አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ?» አሏት።

«አዲስ ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ፣ ሐጂ።»

«እኔ አርባ ዓመት ጨርቅ ሸጥሁ። አዲስ ማለት ገዢው ጉድለቱን ገና ያላየበት ዕቃ ነው።»

ሳቁ እጥፍ ሆነ። አንሙት ብቻ አልሳቀም።

ደብረ ወርቅን አልፈን ብዙም ሳንሄድ ኬላ ላይ አስቆሙን። ከፊታችን ረጅም የመኪና ሰልፍ አለ። መታወቂያ እየታየ፣ ሰውነት እየተዳበሰ አለፍን፤ ሚኒባሱ ግን ሰልፉ ውስጥ ቀረ። እሱን እየጠበቅን ከአንሙት ጋር በዝግታ ወደ ፊት ተራመድን። በስተግራ ጮቄ በጉም ተሸፍኗል። ከሰው ስንርቅ ሳልጠይቀው ጀመረ።

«ጋሼ፣ ነገ ምስክር ነዎትና ይወቁት። በመጋቢት ነው። ጎህ ሲቀድ ውሻው ጮኸ። ብወጣ ሰው ቀዩን በሬዬን ከበረት እያወጣው ነው። ጀርባውን ነው ያየሁት። አነጣጠርሁ። ቃታ ሳብሁ፤ ቀጭ አለ። ደግሜ ሳብሁ፤ ቀጭ። ድምፁን ሰምቶ ዞረ።»

«ማን ነበር?»

«የክርስትና ልጄ። ያ በጥቁሩ በሬ የተቀናጀነው ጎረቤቴ፣ የእሱ ልጅ።»

ትንሽ ተራመድን።

«ገመዱን ጥሎ ሄደ። በፋሲካ መጥቶ ጉልበቴን ሳመ፤ እንኳን አደረሰህ አልሁት። ያንን ቀን አንሥተን አናውቅም። አባቱ አያውቅም። ቢያውቅ፣ ልጄን ልትገድል ነበር ይላል። እኔም ልጅህ ሌባ ነው እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ማረስም የለም፣ መኖርም የለም።»

«ታዲያ ያረጋል ቢያታልልህም ከደም አድኖሃል።»

«አውቃለሁ» አለ። «ብስጭቴም እሱው ነው። ያታለለኝን ሰው አመስግኜው ልኑር? ምንሽሩ በእጄ ቢሆን ኖሮ ግን አያሳፍረኝም ነበር እላለሁ። ወዲያው ደግሞ የምለውን እሰማውና እደነግጣለሁ።»

ሚኒባሱ ደረሰን። ግንደ ወይን ላይ ተሳፋሪ አውርዶ ጫነ፤ የመርጡለ ማርያም መንገደኞች ወረዱ። ሞጣ የገባነው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በዝናብ ነው። የአልጋ ዋጋ 300 ብር፣ ውኃ የለም።

እሑድ፣ ሞጣ

ሽምግልናው ከቅዳሴ በኋላ በያረጋል የእህል መጋዘን ውስጥ ሆነ። ዳኛው የሁለቱም የቅኔ መምህር የነበሩት የኔታ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በኬሻ ክምር ላይ ጋቢ ተነጥፎላቸው ተቀመጡ። ያረጋል ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። አንሙትን አቅፎ ሳመው።

«አንሙቴ! ምነው መቋሚያህን ትተህ መጣህ?»

«ኬላው ጠመንጃ አያሳልፍማ። ማሳለፉን የምታውቅበት አንተ ነህ።»

የኔታ ሁለቱንም በመስቀል አስማሉና «ከሳሽ ይናገር» አሉ። አንሙት ነገሩን በአጭሩ ተናገረ፤ አዲስ ብሎ ሸጠልኝ፣ አይተኩስም፣ ምንሽሬን ይመልስልኝ። ያረጋል ተነሣ።

«የኔታ፣ እኔ አዲስ ነው አላልሁም። ‹በእኔ እጅ ተኩሶ አያውቅም› ነው ያልሁት። አይተኩስም ካለ እንግዲህ እውነቴን ነው። ይተኩሳል ካለ ደግሞ ክሱ ምንድን ነው?»

የኔታ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው ተቆጥቷል።

«አንተ! ይህን ነው ያስተማርሁህ? ሰሙን ለወንድምህ ሸጠህ ወርቁን ለራስህ አስቀረህ? ገበያ ቅኔ ማኅሌት አይደለም። ስትሸጥለት ብልሹ ከነበረ ትመልሳለህ።»

ያረጋል አልደነገጠም። «እሺ፣ እመልሳለሁ። ግን ከሸጥሁለት ዓመት አልፎታል፣ የኔታ። በእኔ እጅ ነው የተበላሸ ወይስ በእሱ? ጥይቱስ እርጥበት ገብቶበት ቢሆን? መጀመሪያ ቃታ የሳበው መቼ ነው? የት? ምን ላይ? ይንገረን።»

ጥያቄው ትክክል ነበር። እኔም ብሆን የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

«መልካም ብሏል» አሉ የኔታ። «አንሙት፣ ልጄ፣ አለመተኮሱን በምን አወቅህ?»

አንሙት መስቀሉን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ድንጋይ ላይ ሞከርሁት ቢል የሚያስተባብለው ሰው አልነበረም። እኔም እዚያ ነበርኩ ልል እችል ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ሰውን «በምን አወቅህ?» ስል ኖሬያለሁ፤ መልስ እንዳይሰጠኝ የፈለግሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ጣራው ላይ ዝናብ ይወርዳል።

«ክሴን ትቻለሁ» አለ አንሙት።

ያረጋል ራሱ ግራ ገባው። የኔታ ግን አንሙትን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«የሞተ ሰው አለ?» አሉት በዝግታ።

«የለም፣ የኔታ።»

«ተመስገን። ሌላ አልጠይቅህም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያን አሮጌውን ቢመልስልህ ለምን ትፈልገው ነበር?»

አንሙት ፊቱን ወደ ኬሻዎቹ አዞረ።

ያረጋል ያሸነፈበት ነገር ከብዶት ሊያጽናናው ፈለገ። በዚህ እርግጠኛ ነኝ፤ ክፋት አልነበረበትም።

«አንሙቴ፣ ምንሽሩ እንኳ እኔ ዘንድ የለም። ወደ ዓባይ ቆላ ለአንድ ገበሬ ሸጥሁት። ደግሞ አላሳፈረህም እኮ! አባትህ ይወደው የነበረ ብረት ነው። በሁዳዴ በመሬት ድንበር ተጣልተው በአንድ ጥይት...»

«ዝም በል!» አሉ የኔታ።

«ሞተ?» አለ አንሙት።

«ሞተ እንጂ። የገዢው የአጎት ልጅ ነው አሉ።»

«ስሙ ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ?»

አንሙት ቆመ። የኔታ ሲያሳርጉ ራሱን ዝቅ አድርጎ አሜን አለ፤ የያረጋልን እጅ ግን አልጨበጠም።

ሰኞ፣ ከሞጣ ቢቸና

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት ነበረብን። አንሙት የሟቹን ስም ሳላውቅ አልሄድም አለ። ስሙን ለካህን ሰጥቶ ሊያስጸልይለት ነው የፈለገው። ገበያ ላይ ከቆላ ጌሾ ይዘው የመጡ ሰዎችን አገኘንና አንዱን ሽማግሌ ጠየቀ። ሽማግሌው ጌሾውን ማሰር አቆሙ።

«የማን ወገን ነህ?»

«የማንም አይደለሁም፣ አባባ። ስሙን ብቻ ነው።»

«ስም የሚፈልግ ሰው ደም የሚፈልግ ነው» አሉ ሽማግሌው። አጠገባቸው ያሉትም ሥራቸውን አቁመው ያዩን ጀመር። እጁን ይዤ አወጣሁት። ጠመንጃው የኔ ነበር ሊላቸው ሲል ነው ያስቆምኩት፤ ብሎት ቢሆን ኖሮ ከዚያ ወጥተን ለመሄዳችን እርግጠኛ አይደለሁም።

መንገዱ ላይ ሁለት ኬላ ነበር። አንሙት እስከ ቢቸና ሁለት ጊዜ ብቻ ተናገረ፤ ሁለቱም ጊዜ መታወቂያ ሲጠየቅ ነው። የሺ ደጃፍ ላይ ቆማ «ምንሽሩስ?» አለችው። አልፏት ገብቶ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። እኔ ለብቻዋ ነገርኳት። አላለቀሰችም። «አባቱ በዚያ ጠመንጃ ጅብ እንጂ ሰው አልመታበትም» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ማክሰኞ፣ ወደ አዲስ አበባ

መንገዱ ክፍት ነበር። በዓባይ በረሃ ስንወርድ ማስታወሻዬን አነበብኩ። ከአዲስና ከአሮጌ የትኛው ይሻላል ስለሚባለው ከሁሉም ሰው አንዳንድ ነገር ጽፌያለሁ፤ ሐጂ፣ ያረጋል፣ አንሙት ራሱ። ዕቃው ለምን እንደሚፈለግ የጠየቁት የኔታ ብቻ ናቸው፤ መልስ ግን አላገኙም። ጸጸትን የጎደለ ዕቃ የገዛ ሰው ሕመም ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንሙት ግን ከገዛው ጉድለተኛ ይልቅ የሸጠው ደህናው አስጸጽቶታል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ቤቴ ገባሁ።

ከዐሥር ቀን በኋላ መስመር ሲመጣ ደወልኩለት። ቢቸና ያለ አንድ ብረት ሠሪ ክላሹን በሁለት ዶሮ ዋጋ አስተካክልልሃለሁ እንዳለው ነገረኝ።

«አሠራኸው?»

«አላሠራሁትም።»

«ልትሸጠው ነው?»

«ምን ብዬ፣ ጋሼ?»

ስልኩን ለየሺ ሰጣት።