ከሥዕሉ ግርጌ ያለችው እናቴ

እናቴ ፎቶግራፍ የላትም። መልኳ ያለው በደብራችን ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። እመቤታችን ለተጠማ ውሻ በጫማዋ ውሃ ስታጠጣ የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ ከግርጌው በደረቷ ተኝታ እጆቿን የዘረጋችው ሴት እሷ ናት። በሕፃንነቴ ታምሜ ስተርፍ ሥዕሉን በስለት ያሣለችው እሷ ናትና፣ ሰዓሊው እንደ ደንቡ ከሥር አስገባት። ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው፤ የኔን ይመስላሉ። እኔ ዳንኩ፤ እሷ ግን ብዙም አልቆየች።

ከተማ ገብቶ የከበረ የደብራችን ልጅ ዘንድሮ ያንኑ ተአምር እንደ ፈረንጅ የድሮ ሥዕል በዘይት ቀለም አሥሎ አመጣ። ደመናው ሮዝ፣ የእመቤታችን ቀሚስ የሚያብረቀርቅ ሐር፣ ዙሪያውን ራቁታቸውን የሚንሳፈፉ ጉንጫም ሕፃናት!

«መላእክት ናቸው» አለ።

«በመንዝ ብርድ? ኧረ ባና አልብሷቸው!» አለች አክስቴ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ የደብሩ አለቃ «እዚያ ላይ ስቀሉት» ብለው ወደ እናቴ እስኪጠቁሙ ድረስ።

ደሜ ፈላ። «አባታችን፣ እናቴ እኮ እዚያ ናት!»

«አሮጌ ነው ልጄ፣ ጢስ በልቶታል። እናትሽ ያለችው በሰማይ ነው።»

«በሰማይ ያለችውን በምን ዓይኔ ልያት?»

አክስቴ ቆነጠጠችኝ። ባለሀብቱም «ትምህርት ቤት የሚያስተምሯችሁ ይሄንን ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ይሄ የራሴ ነው!»

ሰቀሉት። ቁመቱ አጥሮ እመቤታችንንና ውሻውን ብቻ ሸፈነ። እናቴ ለማታውቃት የሐር ሴት ተደፍታ ከሥር ቀረች። ጨርሶ ቢሸፍኗት ይሻል ነበር! ከንዴቴ የተነሳ እንባዬ እንኳ እምቢ አለኝ።

እሑድ ሴቶቹ ሊሳለሙ መጡ። ፊት የነበሩት አሮጊት ቀና ብለው አይተው ቆሙ። የፈረንጇ እመቤታችን ወደ ውሻው ዞራለች፤ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። በእኛ ሥዕል ደግሞ ባንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ከሃዲ ነው፤ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል።

«በስመ አብ! እመቤታችንን ባንድ ዓይን?»

«ወደ ጎን ዞራ እኮ ነው» አሉ አለቃው።

«እንግዲያው ትዙርና እንሳለማታለን!»

አሮጊቷ በዘንጋቸው ተደግፈው ጎንበስ አሉና ከአሮጌው ሥዕል የተረፈውን ሳሙ። እናቴን! ከኋላቸው ያሉትም ሁሉ፣ አክስቴም ጭምር፣ ተራ በተራ እየተጎነበሱ ሳሟት።

ምስማሩ እስኪነቀል ንዴቴ አይበርድም። የዚያን ቀን ግን መጨረሻ ላይ ቆሜ፣ አለቃው እያዩኝ፣ ሳልቸኩል ሳምኳት።