እስከ መሃሉ ቀይ

የሳንጉ ወሽመጥ ሰው ሱቺንን ምላሰ መራራ ይላታል። ይበላት። እናትና አባቷን ባሕር ሲበላባት ታናሽ ወንድሟን ዴሹንን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፣ ያኔ ራሷ ገና ልጅ ነበረች። ለሱ ስትል ባልም ሳታገባ ቀረች።

የባሕር እርሻዋ እንደ ሁላችንም ነው። ከላይ በገመድ የተንጠለጠለ የባሕር ቅጠል፣ መሃል ላይ ሥጋው የሚበላ የባሕር ቀንድ አውጣ የሞላው ቅርጫት፣ ከታች አሸዋው ላይ የሚሳብ፣ የባሕር ኪያር የምንለው ለስላሳ እንስሳ። ቀንድ አውጣው ቅጠሉን ይበላል፣ ኩሱ ለቅጠሉ ማዳበሪያ ይሆናል፣ የተረፈውን ኪያሩ ይለቅመዋል። አንዱ ከጎደለ ሌላውም አያምርበትም።

ያቻምና ውሃው ከመጠን በላይ ሞቀና የመንደሩ ቀንድ አውጣ አለቀ። ከሱቺን አንድ ቅርጫት ብቻ ተረፈ፤ ሙቀት የማይበግረው ዘር ማለት ነው። «አራብቼ ለሁላችሁም አካፍላችኋለሁ» አለች። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ቀንድ አውጣዎቻችን ብርድ ሲመጣ በመርከብ ወደ ሞቃቱ ደቡብ ይወርዳሉ፣ ብርዱ ሲለቅ ይመለሳሉ። ይዟቸው የሚሄደው እንግዲህ የሚታመን ሰው መሆን አለበት። ሱቺን ከዴሹን ሌላ ማንን ታምናለች?

ሲመለስ ወደቡ ላይ ተሰብስበን ጠበቅነው። ሽማግሌው ጎረቤታችን ጋሼ ጁ ቅርጫቱን አጮልቀው አዩና «አማቶቻቸው ቤት ነው እንዴ የከረሙት? እንዴት ነው የወፈሩት!» ብለው አሳቁን። ሱቺን አንዱን አነሳችና ዛጎሉ ላይ የተጋገረውን ጭቃ በጥፍሯ ፋቀችው።

ዛጎል ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው የሚያድገው፣ ቀንድ አውጣው የበላው ነገር ቀለምም እዚያው ላይ ይቀራል። የኛን ቅጠል የበላ አረንጓዴ ነው፣ የደቡቡን አረም የበላ ቀይ። የሷዎቹ መሃላቸው አረንጓዴ ሆኖ ጠርዛቸው ብቻ መቅላት ነበረበት። ይሄ እስከ መሃሉ ቀይ ነው። ሌላ ፋቀች፣ ያው ነው። የኛን ውሃ አንድ ቀን እንኳ አልቀመሱም። ዴሹንን ወደ ጥግ ሳበችው።

«የኔዎቹስ?»

«እትዬ፣ እነዚህም እኮ ሸጋ ናቸው።»

«የኔዎቹ የት አሉ አልኩህ።»

«እዚያ ያለ አንድ አራቢ ዘሩን ፈለገው። ሽርክና አስገባኝ። እስከ መቼ ያንቺን ገመድ ስጎትት ልኑር?»

«ዛጎሉን እንደማየው ጠፍቶህ ነው? ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም?»

«አልጠፋኝም።» አንገቱን ደፋ። «ዝም ትይልኛለሽ ብዬ ነው። ሁሌም ዝም ትይልኛለሽ።»

እዚህ ላይ ነው ልቧ የቆረጠው። ስርቆቱን ምናልባት ትችለው ነበር። ፍቅሯን ቁጭ ብሎ አስልቶ፣ ተማምኖባት መስረቁን ግን አልቻለችውም። ከንግዲህ ያ ዘር የለም፣ ሌላ የሙቀት ወር ደግሞ ደጅ ላይ ነው።

«ሱቺን፣ ዘራችን ደህና ገባ?» አሉ ጋሼ ጁ ከወዲያ። ዴሹን ቀና ብሎ አያት፣ ልጅ ሆኖ አጥፍቶ ሲያበቃ እንደሚያያት። ሱቺን ወደ ሰዉ ዞረች።

«የኔ አይደሉም፣ ጋሼ ጁ። የኔዎቹን አሳልፎ ሰጥቷቸዋል። ያን ጊዜ ጀልባዎን አለት ላይ ያላተመውም እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።»

ሱቺን ያኔ ጥፋቱን በራሷ ላይ ስለወሰደች፣ ሽማግሌው ለዚያች ጀልባ ስንት ዓመት ሙሉ አኩርፈዋት ነበር።

ዴሹን በመጣበት መርከብ ወደ ደቡብ ተመለሰ። እሷም እንግዶቹን ቀንድ አውጣዎች ቅጠሏ መሃል ሰቀለቻቸው፤ እነሱ ምን አጠፉ፣ ርቧቸዋል። ሙቀቱ ሲመጣ አንድ ባንድ ከቅርጫቱ ግድግዳ እየለቀቁ ወደቁና ሞቱ። የመጨረሻውን ባወጣችው ጊዜ ዛጎሉ ጠርዝ ላይ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ጀምሮ ነበር።