አሮጊቷ እና መስኮቱ

የክሊኒኩን ሰርቨር፣ ያረጀውን ዋና ኮምፒውተር፣ ጠጋኙ ሽማግሌ "አሮጊቷ" ይሏታል። የበሽተኛው ሁሉ የራጅ ፎቶ እሷ ሆድ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለም። ሜሞሪዋ ጥቂት ስለሆነ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ፊደል ብቻ በሚያሳይ፣ ሊኑክስ በተባለ ቀላል ሥርዓት አባብለው አኖሯት።

አዲሱ አለቃ ግን ዊንዶውስ ካልተጫነ አለ። "ጋሼ፣ መስኮት የሌለው ቤት ይኖርበታል?"

"ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዋ መስኮት ከከፈትክባት ብርድ ይመታታል። ቢያንስ ፎቶዎቹን መጀመሪያ እንገልብጥ።"

አለቃው ስቆ መጫን ጀመረ። አሮጊቷ ማራገቢያዋ እየጮኸ አቃሰተች።

"ሆዴ፣ አትጨክኚብን" አሏት ሽማግሌው።

ፎቶዎቹን የያዘው ዲስኳ ቀጭ ቀጭ አለ፤ እሷም ጸጥ አለች። ደጅ ወረፋ የያዙት ያስላሉ። ሽማግሌው እጃቸውን ገና ባልቀዘቀዘ ጎኗ ላይ አሳርፈው ቀሩ።

"ጋሼ፣ መስኮቱን እንዝጋው ይሆን?" አለ አለቃው በቀስታ።

"ከእንግዲህ ለማን ብለን፣ ልጄ።"