ሁሉንም «እርስዎ» ይሉ የነበሩት አሰልጣኝ

ጋሼ የምንላቸው የታላቅ እህቴ ባል እንግሊዛዊ ነበሩ። በአገራቸው ኳስ ተጫውተው፣ ኋላም አሰልጥነው፣ እዚህ ሮም የሐበሻ ልጆችን ቡድን ያዙ። አማርኛን የለመዱት እኛ እሳቸውን ስናናግር እየሰሙ ስለሆነ ትንሹንም ትልቁንም «እርስዎ» ይሉ ነበር።

በዋንጫው ጨዋታ የመጨረሻዋ ሪጎሬ፣ ፍጹም ቅጣት ምቷ፣ ቀረች፤ ከሳትን ተሸነፍን። ተራው ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ምግብ ቤት ሳህን የሚያጥበው ልጅ ነበር፤ ባለፈው እሁድ ስቷል። እዚያው ቡድን የሚጫወተው ልጄ ኳሷን ነጠቀው።

«ጋሼ፣ ይሄ ይስታል!»

«ተራው የእሳቸው ነው። እርስዎ ኳሷን ይስጧቸው።»

ለወትሮው በአማርኛቸው የሚስቁት ሁሉ ወደ ልጄ ዞሩ። ልጄ ሰጠ። ያኛው መታ፤ ሳተ።

ጋሼ ሜዳ ገብተው አቀፉት። «አይዞዎት፤ ተራዎ ሲደርስ አሁንም እርስዎ ነዎት የሚመቱት።»

ካረፉ ወዲህ በቦታቸው የቆመው አሰልጣኝ «አንተ ደንቆሮ!» እያለ ይጮኻል። እኔም ከሜዳው ዳር ተነስቼ «እርስዎ በል!» እለዋለሁ።