የልብስ ሰፊው ዘይት

ነገሌ ቦረና ፎቶ ቤት ስከፍት፣ ሁሉም ነገር በፊልም በነበረበት ጊዜ፣ የገዛሁት ሌንስ ሌላ ሰው ተገልግሎበት የጠገበው ነበር። ውስጡ ብርሃን የሚመጥኑ ስስ የብረት ቅጠሎች አሉ፤ ስታነሳ በቅጽበት መጥበብ ሲገባቸው የኔዎቹ ትንሽ ይለግማሉ። ቤት ውስጥ ሌንሱን እስከ ጥጉ ከፍቼ ስለማነሳ ጉዳት አልነበረውም። እኔ ግን ያልታዘዝኩትን ካልነካካሁ እንቅልፍ የለኝም።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ እኩያዬ፣ ምሳ አብረን የምንበላ። በከተማችን አቧራ የደረቀ ነገር ሁሉ በስፌት መኪና ዘይት ይድናል፤ ቁልፉም፣ የበሩ ማጠፊያም፣ የብስክሌቱ ሰንሰለትም። እኔም ለምኜው በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ ሌንሱ ውስጥ ጣልኩ። ቅጠሎቹ ያን ቀን ሲንሸራተቱ ሙያዬን አደነቅሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። እነዚያ ቅጠሎች ደረቅ መሆን አለባቸው፤ ዘይት በቆላ ሙቀት ተስፋፍቶ እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የጎረቤቴ እናት ከተልተሌ ለሕክምና መጡ። በዕድሜያቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም። ልጃቸው ሲለምናቸው ሰንብቶ የሚመለሱበት ዕለት ጠዋት እሺ አሉ። ከትኩሳቱ የተነሳ ብርድ ብርድ ይላቸው ስለነበር ልጃቸው በርጩማ አውጥቶ ደጃፌ ላይ ፀሐይ ውስጥ አስቀመጣቸው። እኔም ለፀሐዩ ብዬ ሌንሱን አጠበብኩና አንድ ጊዜ አነሳኋቸው። ካሜራው ውስጥ ሳያቸው ፊታቸው ጥርት ብሎ ይታያል። በኦሮምኛ «ናጋ»፣ ሰላም፣ ብለውኝ ወደ መኪናው ሄዱ።

ፊልም ሳያልቅ ለአጣቢ አይላክም። የኔ ሳያልቅ መርዷቸው መጣ። ሙስሊም ናቸውና በዕለቱ ተቀብረው ልጃቸው ለቀብሩ አልደረሰም። ከዚያ በኋላ በየምሳው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ ፎቶው መጣ ወይ?

መጣ። ቤት ውስጥ ያነሳኋቸው ሰዎች ሁሉ አምረው ወጥተዋል። የእናቱ ላይ ግን የበርጩማው እግርና የቀሚሳቸው ጫፍ ደብዝዞ ይታያል፤ ከዚያ በላይ ነጭ ነው። ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው ቅጠሎቹ በዘይት እያብለጨለጩ ክፍት እንዳሉ ተጣብቀዋል፤ ፀሐዩን ሁሉ አስገብተውታል። ማን እንዳጠፋ ገባኝ።

ጎረቤቴ ፎቶውን አገላብጦ አየና ምን ሆኖ ነው አለኝ። አፈርኩ።

«ፀሐዩ በዝቶ ነው» አልኩት።

«ፀሐይ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። ደንበኛ መጣብኝ ብዬ ማመካኘት ይቻል ነበር፤ ማንም አልመጣም። ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ዘይቱን ግን አላነሳሁም። ፈሪ ነኝ።

ስንት ዓመት አለፈ። ዛሬም ጎን ለጎን እንሠራለን። ልጆቹ ስለ አያታቸው ሲጠይቁት ያንን ነጭ ወረቀት ከመሳቢያው ያወጣላቸዋል።

«ጥላ ውስጥ ባስቀምጣት ኖሮ ታዩዋት ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ይላቸዋል።

እኔም አጠገቡ ተቀምጬ እሰማለሁ።