መስኮት ላይ የኖረው ሳንባዬ

ሳሉ አልለቅ ሲለኝ ልጄ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ይዛኝ ሄደች። ሐኪም ቤት ውስጥ ሰውነት በሚያነሣ ክብ ማሽን ውስጥ አስገቡኝ። «ትንፋሽ ይያዙ» ሲሉኝ ያዝኩ፤ «ይልቀቁ» ሲሉኝ ለቀቅኩ። ክፍሉ ይበርድ ነበር፤ ሌላ የማስታውሰው የለኝም።

ሐኪሙ የልጅ ልጄን የሚያህል ነው። ሳንባዬን በኮምፒውተር አሳየኝ። ሁለት ቦታ ቀይ ክብ ተሠርቶበታል፤ በየክቡ ውስጥ ሽምብራ የምታህል ነጭ ፍሬ ተቀምጣለች።

«ክቡን ማን ሠራው?» አልኩት።

«ኮምፒውተሩ ነው እማማ። ዓይናችን እንዳይዘለው እየፈለገ ይጠቁመናል።»

«እሱ ካየ ታዲያ አንተ ምን ቀረህ?»

«እሱ ያጠራጠረውን ሁሉ ነው ክብ የሚያደርግበት። የድሮ ጠባሳ ይሁን ክፉ በሽታ እኛ ነን የምንለየው።»

«እንግዲያ እንደኛ ቤት ውሻ ነዋ! ለዘመድም ለሌባም ይጮኻል።»

ሐኪሙ ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም።

ድሮ ሳንባ ታምሜ እንደሆነ ጠየቀኝ። ይቺው ልጄ ጡት ሳትጥል የሳንባ ነቀርሳ፣ ቲቢ የሚሉት፣ ይዞኝ፣ መድኃኒቱን ጨርሼ መዳኔን ነገርኩት።

«የዚያን ጊዜው ራጅ ይኖር ይሆን? ፍሬዎቹ ያኔም ከነበሩ ጠባሳ ናቸው። ካልነበሩ ግን…» ብሎ ተወው።

«መስኮት ላይ ነው» አልኩት።

«ኧረ እማዬ!» አለች ልጄ አፍራ።

እውነቴን ነው። መስታወቱ ተሰብሮ የገደሉ ነፋስ አላስቀምጥ ሲለን፣ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ራጁን በምላጭ በመስኮቱ ልክ ከርክሞ በመስታወቱ ቦታ በሚስማር መታው። ስንት ክረምት በገዛ ጎድኔ መሀል የደጃችንን ገብስ ሳይ ኖርኩ! ፀሐይ በጨረቃ የተጋረደች ቀን እንኳ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ገብቶ በኔ ሳንባ ነው ያያት።

በማግስቱ ሚስማሩን ነቅለን፣ ራጁን በነጠላ ጠቅልለን ወደ ሐኪሙ ተመለስን። ሐኪሙ ብርሃን ላይ ሰቅሎ ቆየበት። የላይኛዋ ፍሬ እዚያው ቦታዋ ላይ አለች።

«ይቺ ዘመድ ናት» አለኝ። ውሻውን አልረሳውም።

ሁለተኛዋን ከታች በኩል ፈለጋት። ከታች ግን አራት ጣት ያህል ራጅ የለም፤ ባለቤቴ የከረከመው እሱን ነው።

«ሦስት ወር ቆይተን እንደገና እናንሣዎት። ካላደገች ጥሩ፤ ካደገች አዲስ አበባ እንልክዎታለን» አለ። ራጁንም ላቆየው ብሎኝ ሰጠሁት።

ልጄ መንገዱን ሁሉ አለቀሰች። እኔ ግን እንባ አልመጣልኝም። ባለቤቴ ያን ቁራጭ የት ጥሎት ይሆን እያልኩ ብቻ ነበር የማስበው።

ቤት ስንገባ መስኮቱ ባዶ ነው። ገብሱ እንደዚያ አረንጓዴ መሆኑን ረስቼው ነበር።

«ነገ መስታወት እናስገባ» አለች።

«ሦስት ወር ይቆይ» አልኳትና ጨርቅ ወተፍኩበት።