እህቴ ያለችበት ፊልም

ፊልም ላይ አስቸጋሪ ሰው ነኝ፤ ይህን መርሳ ውስጥ የማያውቅ የለም። የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ደንበኛው ዕቃ ሊገዛ ገብቶ የፊልም ትችት ተሸክሞ ይወጣል። ትልልቅ ቪላ ውስጥ ተቀምጠው የሚላቀሱ ሀብታሞችን ማየት ከተውኩ ቆየሁ። የምወደው ትናንሾቹን ነው፤ ጥቂት ልጆች ካሜራ ተዋውሰው፣ አክስቶቻቸውን ተዋናይ አድርገው የሚሠሯቸውን። እንዲህ ዓይነቱ ወልድያ መጣ ሲባል ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ እሄዳለሁ።

በቅርቡ ካየኋቸው አንዱ ሙሉ ታሪኩ በአንዲት ባጃጅ ውስጥ፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ ድራማ ነው። ሹፌሩ አንዲት ተሳፋሪ የረሳችውን አንድ ከረጢት ስንዴ ይዞ ሴትዮዋን ፍለጋ ከሰፈር ሰፈር ይዞራል፤ ሌላ ነገር የለውም። እኔ እንደ ሥራዬ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነው። አሮጌ ባጃጅ እያሳዩ የአዲስ ባጃጅ ድምፅ ሲያስገቡ ደሜ ይፈላል። እነዚህ ልጆች ግን ፍሪሲዮኑ ያለቀበትን ሞተር ድምፅ እንዳለ ትተውታል። ዳገት ላይ ሲያቃስት «ይሄን ልጅ ሱቄ ላኩልኝ» ብዬ አጠገቤ ያለውን ሰውዬ አሳቅኩት። ስንዴው ሲመለስ ደግሞ ሴትዮዋ ምስጋና አላወረደችም፤ ከረጢቱን ፈትታ፣ እፍኝ ዘግና አይታ መልሳ አሰረችው። ይህን የጻፈ ልጅ ሰው ያውቃል ብዬ አከበርኩት።

ሌላው አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ የሚከተል ዘጋቢ ፊልም ነው። ዘጋቢ ፊልም ላይ አንድ ጠላት አለኝ፤ ዋሽንት። ገበሬ ብቅ ባለ ቁጥር ይነፋል። ቀጥሎ ድምፀ ወፍራም ተራኪ ይመጣና «አርሶ አደሩ በማለዳ ይነሳሉ» ይለናል፤ እኛ ደግሞ ተነስተው እያየናቸው ነው። ይኼኛው ሁለቱም የለውም። ሰውዬው ይቆፍራል፣ አፈሩ በገመድ ይወጣል፣ ከሥር ሲያስል እንሰማለን። የአዳራሹ ግማሽ ሰው እያጉረመረመ ወጣ። እኔ እስኪያልቅ ከወንበሬ አልተነቃነቅሁም።

ፊልም የማየት አመሌ የጀመረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። ወልድያ ተድራ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አልጋ የያዙ አማቷም የሚኖሩት እሷ ጋ ነበር። አዳራሽ ውስጥ እህቴ ዝም ብላ ማየት አይሆንላትም። «እና ምን ሆነ?» ትላለች ጮክ ብላ። መጨረሻው ሳይነገር ያለቀ ፊልም ካጋጠማት መንገዱን ሙሉ ስትነጫነጭ ነው።

«መጨረሻውን አንቺ አስቢው ማለታቸው እኮ ነው እታለም» እላታለሁ።

«ለማሰቡማ ቤቴ ቁጭ ብዬ አስብ የለም?» ትለኛለች።

እኔ እንዲህ ያለውን ፊልም እወድ ነበር፤ እሷን አላዋቂ አድርጌ እቆጥራት ነበር፤ ልክ ግን አልነበርኩም።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲገፋ እናቴን ይዤ ከመርሳ ግራና ወደምትባለው ከተማ፣ ዘመዶቻችን ዘንድ ገባሁ። እህቴ ወልድያ ነበረች፤ ባሏ ጭነት ይዞ እንደወጣ መንገድ ተዘጋበት። ከተማዋ ተያዘች፣ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ። እናቴ በየቀኑ መንገድ ዳር ተቀምጣ ከወልድያ በኩል የሚመጣውን ሁሉ «የልጄን ነገር ሰምታችሁ ይሆን?» ትል ነበር። ሳምንት በሳምንት ላይ ሲደረብ መጠየቋንም እየፈራችው መጣች።

አንድ የገበያ ቀን ዘመዳችን ፊቱ ተለዋውጦ ገባ። ከወልድያ በእግራቸው የወጡ አንድ ሽማግሌ ገበያ ላይ አግኝቶ ስለ እህቴ ጠይቋቸው፣ «እሷማ ቀረች» ብለውታል።

ይህ ቃል በእኛ አፍ ሁለት ፊት አለው። ያልመጣ ሰው ቀረ ይባላል። ዘምቶ የሞተውንም ሞተ ማለት ሲከብደን «እዚያው ቀረ» ነው የምንለው። እናቴ የትኛው ነው ብላ አልጠየቀችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ተቀመጠች። ሴቶቹ ተሰበሰቡ፣ ግቢው ለቅሶ ቤት ሆነ።

እኔ ማልቀስ አቃተኝ። ተናድጄ ነበር። በሽማግሌው ተናደድኩ፣ ሳያጣራ በመጣው ዘመዳችን ተናደድኩ፣ ከሁሉም በላይ በራሴ። መጨረሻው ያልተነገረ ፊልም እወዳለሁ እያልኩ ስመጻደቅ የኖርኩ ሰውዬ፣ አንዲት ቃል ሳትፈታልኝ ሌሊቱን መግፋት አልቻልኩም። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌውን ፍለጋ ወጣሁ። ስጠይቅ ውዬ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከተጠለሉት ተፈናቃዮች መሃል፣ ዛፍ ሥር አገኘኋቸው።

«አባባ፣ ያቺን የወልድያዋን ጨርቅ ነጋዴ ቀረች ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ቀረች።»

«ሞታ ነው ወይስ ሳትወጣ ነው?»

ሽማግሌው አፈጠጡብኝ። «ምን ነካህ አንተ? ሞታ ቢሆን ሞተች እል የለም? ስንቋን ቋጥራ፣ አብራን ልትወጣ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ከዚያ ወደ ቤት ተመለሰች። እናንተ ሂዱ አለችን። ቀረች ማለት ይኸው ነው።»

«ለምን ተመለሰች?»

«እሱን እሷን ጠይቃት።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ለቅሶዬም የመጣው ያኔ ነው፤ እሳቸውም ሲያዩኝ ግራ ገብቷቸው ውሃ አቀበሉኝ።

እናቴ ወሬውን ስትሰማ እልልም አላለች፣ አላለቀሰችም። ያዘቀዘቀችውን ነጠላዋን መልሳ አስተካክላ ለበሰችና «መውጣት ትችል ነበር?» አለችኝ። ትችል ነበር አልኳት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ አልወደውም። ልጇ በሕይወት በመኖሯ ፈጣሪዋን ታመሰግናለች፣ ወዲያው ደግሞ «ልትመጣልኝ እየቻለች ሦስት ቀን መሬት አስቀመጠችኝ» ትላለች።

መንገድ ሲከፈት ወልድያ ሄጄ እህቴን አገኘኋት፤ ከስታ ልብሷ ሰፍቷታል። አማቷ አርፈዋል። እንዴት እንደከረመች አልነገረችኝም፣ እኔም ቁስል እንዳልነካ ብዬ ዝም አልኩ። እናቴ ግን ነገሩን ቋጠረችው። «ለአማት፣ ለባዕድ ስትል እኔን ተወችኝ» ማለት ጀመረች። በዓል ሲደርስ እህቴ መርሳ ድረስ እየመጣች ትጠይቃታለች፤ እናቴ ከአንገት በላይ ትስማታለች፤ የእሷን ደጅ ግን አልረግጥም አለች። ለማስታረቅ ያልሞከርኩት የለም። እህቴን «ምክንያትሽን ንገሪያት» ብላት «ዝም አይነቅዝም» ብላ ወሬ ቀየረች። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በዚህ መሃል አንዲት ወልድያ ያደገች ልጅ ካሜራ ይዛ በሰፈሩ ያሉ ሴቶችን ቤት ለቤት ትጠይቅ እንደነበር ሰማሁ። እህቴም ከተጠየቁት አንዷ ነበረች። «ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት» አለችኝ፤ በቃ ይኸው ነው። ቅናት ቢጤ ተሰማኝ፤ ወንድሟ ያልሰማሁትን የሌላ ሰው ልጅ ሰማችው። ግን እኮ እኔ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም።

ፊልሙ አልቆ ወልድያ በአንድ አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ሊታይ ሆነ። እናቴን ምን እንደሆነ ሳልነግራት ለምኜ ወሰድኳት። ፊልም አዳራሽ ገብታ አታውቅም፤ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል ያዝኳት። እህቴ መጥታ በወዲያኛው ጎኗ ተቀመጠች። ሰላም ተባባሉ፣ ለወጉ ያህል።

ያቺን ልጅ እንዴት አድርጌ እንደማመሰግናት አላውቅም። ብዙ ሠሪዎች እንባ ሲመጣ ካሜራውን ፊት ላይ ይደቅናሉ። እሷ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም፤ አንዷ እናት ፊቷን አዙራ ስታለቅስ ጀርባዋን ብቻ አየን፣ እሱም በቃን። ሴቶቹ በየደጃቸው ተቀምጠው በተራ ይናገራሉ። አንዷ ስትጨርስ ቶሎ ወደ ሌላዋ አትሄድም፤ ሴትዮዋ ተነስታ ወደ ሥራዋ እስክትመለስ ትጠብቃታለች። ለእያንዳንዷ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላት። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ፊልም ላይ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ እህቴ መጣች። ደጇ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ ታጥፋለች።

«ለምን አልወጡም?» አለቻት የልጅቷ ድምፅ።

እህቴ ጨርቁን አጥፋ ጨረሰች፣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «ስንቄን ይዤ በር ደርሼ ነበር። አማቴ ከአልጋቸው ሆነው ‹በሩን ጠበቅ አድርገሽ ዝጊው ልጄ፣ ጅብ እንዳይገባብኝ› አሉኝ። አትሂጂ አላሉኝም። ሌላ ምንም አላሉኝም። ተመለስኩ። በዘጠነኛው ቀን አረፉ። ወንድ በሰፈሩ አልነበረም፤ አራት ሴቶች ሆነን ቆፈርን፣ እኛው ተሸክመን እኛው ቀበርናቸው።» እዚህ ላይ ቆመች። ልጅቷም ጠበቀቻት። እህቴ ቀና አለችና «እናቴ ብትሆን ጥላቸው ትወጣ ነበር?» አለች።

«አልወጣም» አለች እናቴ።

ጮክ ብላ ነው የተናገረችው፤ ከፊት ያሉት ሰዎች ዞር አሉ። እሷ ግን ማንንም አላየችም። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ከወንበሯ ተነስታ ቆማለች።

«አልወጣም ልጄ፣ ደግ አደረግሽ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ይቅር በይኝ» ትለዋለች ስክሪኑን።

እህቴ የእናቴን የነጠላ ጫፍ ያዝ አደረገች። «እማዬ» አለቻት፣ «እዚህ ነኝ።»